መልስ፦ ዋንዛ እንዲህ ለመላግ ቀላል ሆኖ እንዴት ሃርድዉድ (በእንግሊዝኛ «ጠንካራ እንጨት») ተባለ?

ወንድሜ ግር ቢልህ አይፈረድብህም፣ እኔም መጀመሪያ ሃርድዉድ ሲባል ሚስማር የማይገባለት እንጨት ይመስለኝ ነበር። ስሙ ነው የሚያሳስተው እንጂ ነገሩ የጥንካሬ ሳይሆን የዛፍ ዘር ጉዳይ ነው። አበባ የሚያብብና ዘሩን ፍሬ ውስጥ የሚይዝ ዛፍ ከሆነ ሃርድዉድ ነው፣ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ግራር፣ ኮሶ፣ ባህር ዛፍ ራሱ (አዎ ባህር ዛፍ!)፣ እንደ ጥድ፣ ዝግባና ፓይን ያሉት አበባ የሌላቸው ደግሞ ሶፍትዉድ («ለስላሳ እንጨት») ናቸው። ለዛ ነው የላቲን አሜሪካው ባልሳ፣ ያ ሞዴል አውሮፕላን የሚሰሩበት እንደ ላባ የሚቀል እንጨት ማለት ነው፣ እሱም ሃርድዉድ የሚባለው 😂

እጅህ ላይ ያለውን ለመለየት ከፈለግክ የተቆረጠውን ጫፍ በስለታም ምላጭ ጥርት አድርገህ ላጠውና ትንሽ ውሃ ነካ አድርገህበት ብርሃን ላይ እየው፣ ዋንዛ ላይ በመርፌ ጫፍ የተበሳሳ የሚመስል ቀዳዳ ቀዳዳ ታያለህ፣ ዛፉ በህይወት እያለ ውሃ ከስር ወደ ላይ የሚያወጣባቸው ቱቦዎች ናቸው። ጥድ ወይ ዝግባ ላይ ያን አታገኝም፣ የዓመት መስመር መስመር ብቻ ነው የምታየው፣ እሱም አንዳንዴ ደብዛዛ ነው። ሞባይልህን ዙም አድርገህ ብታየው ደግሞ በደንብ ይታይሃል።

ጠረጴዛ ልትሰራ ከሆነ ዋንዛ ያዝ። ዝግባም ለቤት ውስጥ ቆንጆ ነው፣ ውጪ መሬት የሚነካ ቦታ ከሆነ ግን ምስጥ ይጨርስብሃል፣ ለአጥር ምሰሶ ከሆነ ሶፍትዉድ ነው ብለህ ሳትንቅ ጥድ ፈልግ፣ ምስጥ ብዙም አይደፍረውም።