ሞስ ፍለጋ ወደ አባይ በረሃ፦ ለመምህርቷ ጥያቄ

እህቴ፣ ተማሪዎችዎን ይዘው ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል ወደ አባይ በረሃ ሲወርዱ በኖራ ድንጋዩ ላይ ሞስና ሊቨርወርት (አበባ የማያወጡ ትንንሽ የእርጥብ ቦታ ተክሎች) ለማየት የትኛው ወቅት እንደሚሻልና ምን መያዝ እንዳለብዎት ጠይቀዋል። መንገዱን ደጋግሜ ስለወረድኩበት የማውቀውን ልጻፍልዎ።

ወቅቱ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ሞሱ ይጠቁርና የሞተ ይመስላል። ሆኖም ብዙው አልሞተም፤ ውሃ ሲርከፈከፍበት በደቂቃዎች ውስጥ ቅጠሉን ይዘረጋል። ስለዚህ መርጫ ጠርሙስና አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ማጉያ መነጽር ካለዎት ዋናው ተሟልቷል።

ብዙ ሰው ታች ወንዙ ላይ ያለው የአባይ ድልድይ ካልደረስኩ ይላል፤ እኔ አልመክርም። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ (ባዛልት)፣ ከሥሩ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋዩ ይመጣል። ወንዙ ዳር ግን ድንጋዩ ተመልሶ አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ሙቀቱም ለልጆች አይሆንም። የት እንደደረሱ ካጠራጠረዎት ድንጋዩን በቢላዋ ፋቅ አድርገው ዱቄቱ ላይ ኮምጣጤ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው።

የኖራ ድንጋይ ውሃን በስንጥቁ ስለሚያሰርግ ፊቱ ቶሎ ይደርቃል። ገላጣው ላይ አይድከሙ። ከመስከረም ጀምሮ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ሰሜን የዞረ፣ ጥላ ያለው ገደል ይምረጡ። ውሃ የሚንጠባጠብበት ካገኙ ቀኑን እዚያው ይዋሉ! ከድንጋዩ የወጣው ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አየር ላይ ሲለቅ፣ የተሸከመው ኖራ በሞሱ ላይ ይጋገራል። ሞሱ ከላይ እያደገ ከሥር ድንጋይ ይሆናል። ጫፉ ለስላሳ አረንጓዴ፣ ሥሩ በጥፍር የማይቆረጥ። ልጆቹ በጣታቸው ይንኩት፤ እንዳይገነጥሉት ብቻ ይጠብቁ።

ሊቨርወርቱን ግን ከድንጋዩ ግርጌ፣ እርጥብ አፈር ላይ ይፈልጉት። መሬት ላይ የተለጠፈ፣ ጫፉ ለሁለት የሚከፈል ጠፍጣፋ ጥብጣብ ነው። ማርካንሺያ የሚባለው ዓይነት ከሆነ ላይኛው ፊቱ ላይ ትንንሽ ጽዋዎች ሊኖሩት ይችላሉ፤ በውስጣቸው ያሉትን ቅንጣቶች የዝናብ ጠብታ አስፈንጥሮ ይዘራቸዋል። ታርጂዮኒያ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ሲደርቅ ጠርዙን ወደ ላይ ጠቅልሎ ጥቁር ሆዱን ያሳያል፤ ብዙዎች የደረቀ ቅጠል መስሏቸው ያልፉታል።

ናሙና ከወሰዱ ጥፍር የሚያህል ይበቃል። በወረቀት ፖስታ ያድርጉት፤ ላስቲክ ውስጥ ይሻግታል። ቦታውን፣ ቀኑንና የድንጋዩን ዓይነት ፖስታው ላይ እዚያው ይጻፉ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ፤ በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ከባድ የጭነት መኪናዎች ይመላለሳሉ። አውቶቡሱ ሰፊ ቦታ ላይ ይቁም፤ የአስፋልቱ ዳር ገደል የቱንም ያህል አረንጓዴ ቢሆን ልጆቹን እዚያ አያሰማሩ።