ሰማዩን ምን ታደርጉታላችሁ?

ጥቁርና ነጭ ፊልም ይዛችሁ መልክዓ ምድር ለማንሳት ለምትወጡ ልጆቼ፣

ስትመጡ ሁላችሁም «የራሴን አሻራ እንዴት ላግኝ?» ትሉኛላችሁ። እኔ ደግሞ «ሰማዩን ምን ታደርጉታላችሁ?» ብዬ እመልስላችኋለሁ። ቀልድ እየመሰላችሁ ትስቃላችሁ፤ የምሬን ነው።

መስከረም ላይ አደይ አበባ የለበሰ ሜዳ አስቡ። ሌንሱ ፊት ብርቱካናማ ማጣሪያ፣ ማለትም የራሱን ቀለም አፍክቶ ተቃራኒውን የሚያጠቁር ባለቀለም መስታወት፣ ብትገጥሙ አበባው ፈክቶ ይወጣል፣ ሰማዩ ይጠቁራል። ሰማያዊ ብትገጥሙ አበባው ይጠቁርና ሰማዩ ባዶ ወረቀት ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ ቀዩን ይወዳል፤ ማዕበል የቀረበ የሚመስል ሰማይ በነጻ ይሰጣልና። በነጻም አይደል፤ ወደ 3 ስቶፕ ብርሃን ስለሚበላ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) የብርሃን ትብነቱ 400 የሆነ ፊልማችሁ እንደ ባለ 50 ይሆናል። በስሜን ተራሮች ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። እዚያ አንዱን ሸንተረር ከሌላው የሚለየው ሰማያዊው የርቀት ጭጋግ ነው፤ ሸንተረሮቹ በራቁ ቁጥር እየፈዘዙ ይሄዳሉ። ቀዩ ማጣሪያ ያንን ሲገፈው ተራሮቹ እላያችሁ ላይ ይደረደሩና የገደሉ ጥልቀት ይጠፋል። እኔ ስሜን ስወጣ ማጣሪያዬን ቦርሳ ውስጥ እተወዋለሁ።

ለአንድ ዓመት አንድ ፊልም፣ አንድ ሌንስ፣ አንድ ዓይነት የፊልም ማጠቢያ ኬሚካል ብቻ ያዙ። ፊልም እንደሆነ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማስቸገራችሁ ካልቀረ አንዱን ዓይነት ብቻ አስመጡ። ዕቃው ካልተለዋወጠ በፎቶዎቹ ላይ የሚመላለሰው ነገር ከእናንተ የመጣ መሆኑ ይለያል። የታጠበውን ጥቅል ሙሉውን፣ 36ቱንም፣ በአንድ ወረቀት ላይ አትማችሁ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ያማረውን ለጊዜው ተዉትና የተደጋገመውን ፈልጉ። የእኔ አድማስ ሁልጊዜ ከላይኛው ጠርዝ ተጠግቶ ተገኘ፤ ለካ ብዙ ሰማይ አልወድም ኖሯል።

ይህም ቢሆን በዕድሜ ይለወጣል። አሜሪካዊው የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ አንሰል አዳምስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1941 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ከሄርናንዴዝ መንደር በላይ የወጣችውን ጨረቃ አነሳ። ያንን ኔጌቲቭ (ፎቶው የሚታተምበትን የታጠበ ፊልም) ለአሥርተ ዓመታት ደጋግሞ አትሞታል። በቀደሙት ህትመቶች ሰማዩ ላይ ደመና ይታያል፤ በኋለኞቹ ግን ጥቁር ሊሆን ምንም አልቀረው። ያጠቆረው ሲያትም፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ነው።

ስለዚህ ባተማችሁት ሁሉ ጀርባ ላይ ቀኑን፣ ማጣሪያውንና ወረቀቱን ስንት ሰከንድ ብርሃን እንዳሳያችሁት ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፣ ቀስ ብላችሁ፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ ፎቶው ፊት ያልፋል።