ድጎማው ጆንያው ውስጥ ነው

ጥያቄ፦ «ከጃማ ነው የምጽፈው። ሁለት ጥማድ መረሬ፣ ማለት ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር፣ መሬት አለኝ፤ ስንዴ እዘራበታለሁ። መንግሥት ለገበሬው ድጎማ ከፈለ ሲባል በሬድዮ እሰማለሁ፤ እኔ እጅ ግን አምስት ሳንቲም አልገባም። ጎረቤቴ በሴፍቲኔት ይከፈለዋል። ከማኅበር የወሰድኩትን አንድ ጆንያ ዩሪያ ማዳበሪያ ነጋዴ በጥሩ ዋጋ ጠይቆኛል። ብሸጠው ምን ይለኛል?»

መልስ፦ ጋሼ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ ግን ሁለት ነገር ተደባልቆብዎታል። ጎረቤትዎ የሚያገኙት የሰብል ድጎማ አይደለም። ሴፍቲኔት በ1997 የተጀመረው የምግብ ዋስትና ለሌላቸው ቤተሰቦች ነው፤ ጉልበት ያለው እርከን ሠርቶ ይቀበላል፣ አቅመ ደካማው ሳይሠራ። ስንዴ ዘራህ አልዘራህ የሚል የለም።

አውሮፓ ውስጥ ድጎማው በመሬት ስፋት ተሰልቶ ለገበሬው ይከፈለዋል። እኛ ጋ ብሩ የሚገባው ግዥው ላይ ነው። ማዳበሪያው በዶላር ተገዝቶ በጅቡቲ ወደብ ይመጣል፤ ከዚያ በዩኒየን፣ ማለት በማኅበራቱ ኅብረት፣ በኩል እናንተ ማኅበር ይደርሳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የውጭ ዕቃ ሁሉ ተወደደ፤ ማዳበሪያው ላይ ከጭማሪው ከፊሉን መንግሥት ይሸፍናል። ስለዚህ ያ ነጋዴ ከማኅበሩ ዋጋ በላይ ሲሰጥዎ የሚገዛዎት ድጎማዎን ነው። ከተያዘም ያስወርሳል፤ ይተውት።

ሒሳቡ ይኸውልዎ። 50 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ስንዴውን የሚያለመልመው ናይትሮጅን 23 ኪሎ አለ። ሌላው ማዳበሪያ፣ ኤንፒኤስ፣ አንድ ጆንያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 10 ኪሎ አይሞላም። ዩሪያውን ከሸጡ ስንዴው ገና ከጉልበት ሳይደርስ ይገረጣል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው፤ ሳይሸጡትም ሊያጡት ይችላሉ። አንድ ክረምት፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አንድ አባት ውሃ በተኛበት መረሬ ላይ ዩሪያ ሲበትኑ ደረስኩ። ነጩ ፍሬ ኩሬው ላይ ጠብ ጠብ ይላል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ጠርዝ ጠርዙ አረንጓዴ፣ መሃሉ ቢጫ ነበር። ውሃ በያዘው አፈር ውስጥ ሥሩ አየር ያጣል፣ ናይትሮጅኑም ወደ አየር ይበናል። ያን ዕለት ቀደም ብዬ ባለመድረሴ ተናድጃለሁ።

እርስዎ መጀመሪያ ውሃውን ያውጡ። በቢቢኤም፣ በበሬ በሚጎተተው መደብ ማውጫ፣ መደብና ቦይ አውጥተው ይዝሩ፤ ቀበሌው ውስጥ መሣሪያው ያለውን ሰው ይዋሱ። ከዩሪያው ሲሶውን፣ 17 ኪሎ ያህል፣ ሲዘሩ ይስጡ። የቀረውን ስንዴው ከሥሩ ቅርንጫፍ ማብዛት ሲጀምር፣ ሙጃውና ሲናሩ ከታረመ በኋላ ይበትኑት፤ አለዚያ የሚቀለቡት አረም ነው። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ግን እግርዎ አይስመጥ። እስከዚያው ጆንያውን አፉን አስረው ከመሬት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ እርጥበት ከነካው ድንጋይ ይሆናል።

የብር ችግር ካለብዎት ደግሞ ለመጪው ዓመት አንዱን ጥማድ ምስር ያድርጉት። ምስር ናይትሮጅኑን ራሱ ከአየር ስለሚወስድ ለዚያ ጥማድ ዩሪያ መግዛት አይጠበቅብዎትም።