ከለንደን ጭቃ የወጣው የዕዳ ሰነድ

ጥያቄ፦ የምኖረው ለንደን ነው። በከተማዋ መሀል፣ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር የሚታየውን የሮማውያን ቤተ መቅደስ በቅርቡ ጎበኘሁ። ከድንጋዩ ይልቅ ያስገረሙኝ ጽሑፍ ያለባቸው የእንጨት ሰሌዳዎች ናቸው። እንጨት ይህን ያህል ዘመን ከመሬት በታች ሳይበሰብስ እንዴት ቆየ? ምንስ ተጽፎበታል?

መልስ፦ የጎበኙት ሮማውያን ያመልኩት የነበረውን የሚትራስ የተባለ ጣዖት ቤተ መቅደስ ነው። ፍርስራሹ በ1954 (ቀኑም ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ በፈራረሰ ሰፈር አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ተገኘ፤ የጣዖቱ የእብነ በረድ ራስ ብቅ ሲል ሕዝቡ ለማየት ረጅም ሰልፍ ያዘ። ግንባታው ግን መቀጠል ስለነበረበት ድንጋዩ ተነሥቶ በ1962 ሌላ ቦታ ላይ በሲሚንቶ ተያይዞ ቆመ። በእኔ እምነት ይህ ከባድ ስሕተት ነበር፤ ወደ ቀድሞ ስፍራው የተመለሰውም በ2017 ነው።

ሰሌዳዎቹ የወጡት በዚያው ቦታ፣ ከ2010 ጀምሮ ለአሁኑ ሕንፃ መሠረት ሲቆፈር ነው። እንጨትን የሚያበሰብሱት ባክቴሪያና ሻጋታ ያለ አየር አይኖሩም፤ በአካባቢው ይፈስ የነበረው የዋልብሩክ ወንዝ ያራሰው ጭቃም አየር አያስገባም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ እንጨት ከወጣ በኋላ ከደረቀ ስለሚጨማደድና ስለሚሰነጠቅ፣ ባለሙያዎቹ በውሃ ውስጥ አቆይተው፣ ሰም መሰል ኬሚካል አስርገው፣ በመጨረሻ በማቀዝቀዝ አደረቁት።

ጽሑፉ በቀለም የተጻፈ አይደለም። ሰሌዳው ጎድጎድ ተደርጎ የጠቆረ የንብ ሰም ይሞላበትና በሹል ብረት ይጫርበት ነበር። ሰሙ ጠፍቷል፤ ብረቱ ጠለቅ ብሎ እንጨቱን የነካበት ጭረት ግን ቀርቷል። አንድ ሰሌዳ ደጋግሞ ስለሚጻፍበት ጭረት በጭረት ላይ ይደራረባል፤ ስለዚህ ብርሃን ከየአቅጣጫው እያበሩ ፎቶግራፍ በማንሣት ነው የሚነበበው። ከ400 በላይ ሰሌዳዎች ተገኝተው የተነበቡት 87 ናቸው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ ጥር 8 ቀን 57 ዓ.ም. የተጻፈው ነው። ቲቡሉስ የተባለ ከባርነት ነጻ የወጣ ሰው፣ እንደ እርሱው ነጻ ለወጣው ለግራቱስ፣ ተሽጦለት ለተረከበው ዕቃ 105 ዲናር ዕዳ እንዳለበት ያረጋግጣል። ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ በሮማውያን ላይ ያመፀችው የብሪታንያ ንግሥት ቡዲካ ከተማዋን አቃጠለች፤ ሰነዱ ግን ዳነ።