ሌሊት ሲጥ ሲጥ የሚለው የአማቴ ቤት

ጥያቄ፦ ካገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። የምንኖረው ጉለሌ፣ ነፍሳቸውን ይማርና አማቴ በኖሩበት አሮጌ የጭቃ ቤት ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ሌሊት ማንም ሳይረግጠው ሲጥ ሲጥ ይላል። ጣሪያው ቋ ይላል። ኅዳር ከገባ ወዲህ ብሶበታል። ኮርኒሱ ውስጥም የሚሮጥ ነገር አለ። የአማቴ ነጠላ እስካሁን መኝታ ቤቱ በር ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ማንም አላነሳውም። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ ብዙ ሌሊት ውጭ ያድራል። ስነግረው ይስቃል። እህቱ ደግሞ “ቤቱ ገና አልለመደሽም” አለችኝ። እያበድኩ ይሆን?

መልስ፦ ኧረ አላበድሽም እህቴ። ከጣሪያው ልጀምር። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳር ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይቆረጥማል። ቀን በፀሐይ የተለጠጠው ቆርቆሮ ማታ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሚስማሩን ሲጎትት ቋ ይላል። ጣውላውም ክረምቱን የጠጣውን እርጥበት ሲለቅ ይኮማተራል። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ሁሉንም ሸፍኖልሽ ነበር። ኮርኒሱ ውስጥ የሚሮጠው አይጥ ሳይሆን አይቀርም፤ ለሱ ድመት እንጂ የሥነ ልቦና ባለሙያ አያስፈልግም።

ይህን ባለቤትሽም ሳይነግርሽ አልቀረም። ግን አላስተኛሽም። አየሽ፣ ሌባ መሆኑን ብታውቂ ትጮኺያለሽ። ጣውላ መሆኑን ብታውቂ ትተኛለሽ። ምንነቱ ሳይለይ ሲቀር ግን ጆሮሽ ዘብ ቆሞ ያድራል። ዘብ የቆመ ጆሮ ደግሞ ሁሉን ይሰማል።

እኔን ቆም ያደረገኝ ነጠላው ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ኦስትሪያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሲግመንድ ፍሮይድ ስለዚህ ዓይነቱ ፍርሃት ሲጽፍ የተጠቀመበት የጀርመንኛ ቃል ውስጡ “ቤት” አለበት፤ “ቤተኛ ያልሆነ” እንደማለት ነው። ስምንት ወር ሙሉ የሰው ነጠላ ሥር ተኝተሻል። ቤተኛ አልሆንሽም፤ እንግዳ ነሽ። እንግዳ ደግሞ እንቅልፉ ቀላል ነው።

ባልሽ እዚያ ድምፅ ውስጥ ተኝቶ ያደገ ልጅ ነው። ላንቺ ኮቴ የሆነው ለሱ እሹሩሩ ነው። ቢስቅ አይግረምሽ፤ ሳቁ ግን ጎድቶሻልና ንገሪው። ስለ መንፈስ አትከራከሪው። “ብቻዬን ማደር ከብዶኛል” በይው፤ በዚህ አይስቅም። እህቱም እናቷን የቀበረች ናት። ነጠላውን ያላነሳችው ለምን ይመስልሻል?

አንድ እሑድ ቡና አፍዪና ሁለቱንም ጥሪ። ነጠላውን እነሱ ያውርዱት፣ እነሱ ይጠፉት፤ የት እንደሚቀመጥም እህትየዋ ትወስን። በሩ ላይ ያንቺን ጋቢ ስቀዪ። ጸበል ማስረጨት ከፈለግሽም አስረጪ፣ እኔ አልከለክልም። ባልሽ ቤት ባደረበት ማታ ደግሞ አብራችሁ ወለሉን እየረገጣችሁ የትኛው ሳንቃ እንደሚጮህ ለዩ።

እንቅልፍ ማጣቱ ሳምንታት ከቀጠለ ወይም ቀንም ሰው ሳይኖር ድምፅ ከሰማሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ድመቷን ግን ዛሬውኑ ፈልጊ።