ድራይቨር ከመግዛትህ በፊት አዳራሹን ለካ

ከሐዋሳ የደረሰኝ ጥያቄ ይኸውና (ዉፈር ወፍራሙን ድምፅ፣ ትዊተር ቀጭኑን የሚያወጣ ስፒከር ነው፤ ሆርን መለከት መሳዩ የድምፅ መበተኛ ሲሆን፣ ድራይቨር ከጀርባው ተገጥሞ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ዕቃ ነው)፦

«ጋሼ፣ ለአምልኮ አዳራሻችን ሁለት ሳጥን በ18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ አሠርቼ በእያንዳንዱ 15 ኢንች ዉፈር ገጥሜአለሁ። ወፍራሙ ድምፅ ጥሩ ነው፤ ቀጭኑ ግን እምቢ አለኝ። የገጠምኩት ትንሽ ሆርን ትዊተር ሁለቴ ተቃጠለ። በሚሠራበት ጊዜም ዳር ዳር የሚቀመጡ ሰዎች ‹ድምፁ ይመጣል፣ ቃሉ ግን አይለይም› ይላሉ። አሁን አንዱ ነጋዴ ባለ 1 ኢንች ድራይቨር፣ ሌላው ደግሞ ማግኔቱ ትልቅ የሆነና 600 ዋት የተጻፈበት ባለ 2 ኢንች ድራይቨር አሳይቶኛል። የቱን ልግዛ? ሆርኑስ ምን ዓይነት ይሁን? አዳራሹ 10 ሜትር በ18 ሜትር ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ልስን።»

ወንድሜ፣ መልሱን ላስቀድም። ባለ 1 ኢንቹን ግዛ፤ 1 ኢንች የሚባለው ድምፁ የሚወጣበት ጉሮሮ ስፋት ነው። የውስጡ ኮይል፣ ማለትም ዲያፍራም የተባለውን ስስ ሽፋን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል፣ ግን 44 ሚሊ ሜትር ይሁን። ሆርኑ ወደ ጎን 60 ዲግሪ የሚበትን፣ የአፉ ስፋት ከ28 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ይሁን። ክሮስኦቨሩን፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ ቀጭኑን ለድራይቨሩ የሚያካፍለውን፣ 1,500 ሄርትዝ አካባቢ ቁረጠው (ሄርትዙ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል)። 600 ዋት የሚለውን ጽሑፍ እርሳው። እነዚህ ቁጥሮች የመጡት ከአዳራሽህና ከዉፈርህ ነው፤ አመጣጣቸውን ላሳይህ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ድራይቨር ይገዛል። ቀጥሎ የሚገጥምለትን ሆርን ይፈልጋል። አዳራሹ ትዝ የሚለው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ የምልህ ግን በተቃራኒው ነው፦ አዳራሹ፣ ከዚያ ሆርኑ፣ ከዚያ ድራይቨሩ።

ዳር የተቀመጡት ሰዎች የሚሉህን እመናቸው። ዉፈር ወፍራሙን ድምፅ ዙሪያውን ይበትናል። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ ግን እንደ ባትሪ ብርሃን እየጠበበ ወደ ፊት ብቻ ይሄዳል። የ15 ኢንች ዉፈር 1,000 ሄርትዝ ላይ 95 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል። 1,500 ላይ ወደ 60 ይወርዳል። 2,500 ላይ ሲደርስ 35 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ትንሹ ትዊተርህ ከ2,500 በላይ የሚሠራ ከሆነ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ የሚያወጣው ዉፈሩ ነው። ስለዚህ መሐል የተቀመጠው ሰው ሁሉን ይሰማል፤ ዳር ያለው ግን ከ1,500 እስከ 2,500 ያለው ድምፅ ይጎድልበታል። ተናባቢ ፊደሎችን የምንለይበት ድምፅ ደግሞ በብዛት ያለው ከ1,000 ሄርትዝ በላይ ነው። እዚያ ላይ ጉድለት ሲኖር ጆሮ አንዱን ቃል ከሌላው ለመለየት ይቸገራል። ቮልዩም ብትጨምርለት ጩኸቱ ነው የሚጨምረው፤ ቃሉ አይጠራም።

ታዲያ ትዊተሩን ወደ ታች ማውረድ ነዋ? አዎ፣ ግን ያ ትንሽ ትዊተር አይችለውም። የተቃጠለብህም ለዚህ ይመስለኛል። ድምፁ በአንድ ኦክታቭ በወረደ ቁጥር (ሄርትዙ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ማለት ነው) ዲያፍራሙ የሚወዛወዝበት ርቀት ቢያንስ እጥፍ ይሆናል። ሆርኑ አየሩን መያዝ ከሚችልበት በታች ሲወርድማ ከዚያም በላይ ይሆናል። 25 ሚሊ ሜትር ኮይል ያለው ዲያፍራም ብዙ መሄጃ የለውም። በአንድ ካፓሲተር ብቻ አገናኝተኸው ከሆነ ደግሞ ካፓሲተሩ ወፍራሙን ድምፅ በአንድ ኦክታቭ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ብቻ ነው የሚቀንሰው። ይህ ሆርን ላይ ለሚገጠም ድራይቨር አይበቃም። ቢያንስ 12፣ ቢቻል 18 ወይም 24 መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሆርኑ። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ወረቀት አምጣ። አንዱን ሜትር በአንድ ሴንቲ ሜትር አድርገህ አዳራሹን ሣል። ሁለቱን ሳጥኖች ፊት ለፊት በግራና በቀኝ ጥግ አስቀምጥ። የመጀመሪያው ረድፍ ከሳጥኖቹ 3 ሜትር ይራቅ። ከግራው ሳጥን ተነስተህ አንድ መስመር በግድግዳው ጥግ ወደ ኋላ ሳብ። ሁለተኛውን መስመር ወደ መጀመሪያው ረድፍ መሐል፣ ማለትም 5 ሜትር ወደ ጎን፣ 3 ሜትር ወደ ፊት አድርገህ ሳብ። በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን በፕሮትራክተር ለካው፤ 59 ዲግሪ ይመጣል። የቀኙም እንደዚያው ነው። እያንዳንዱ ሳጥን የራሱን ግማሽ አዳራሽ ለመሸፈን 60 ዲግሪ ይበቃዋል ማለት ነው። ሳጥኑን ከግድግዳው 30 ዲግሪ ወደ መሐል አዙረው፣ አለቀ። ባለ 90 ዲግሪ ሆርን ብትገዛ የተረፈው 30 ዲግሪ የት ይሄዳል? ልስኑን ግድግዳ መትቶ ይመለሳል። ቆርቆሮ ጣሪያ ባለበት አዳራሽ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የሰባኪው ድምፅ በራሱ ገደል ማሚቶ ላይ ይደራረባል።

ወደ ላይና ወደ ታች የሚበትነው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ይሁን። ዓላማው ሰው ላይ መድረስ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ የሚሄደውን ባሳነስክ ቁጥር ይሻላል።

ግን ተጠንቀቅ፤ ሆርን ላይ 60 ዲግሪ ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ በሁሉም ድምፅ ላይ 60 ዲግሪ ይይዛል ማለት አይደለም። አፉ ትንሽ ከሆነ ከታች ያለውን ድምፅ ይለቀዋል፤ እንደፈለገ ይበተናል። ለዚህ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዶን ኪል እ.ኤ.አ. በ1975 ለኤሌክትሮ ቮይስ ሲሠራ ያወጣው ቀላል ሒሳብ አለ፤ እስካሁን እንጠቀምበታለን። 25,400ን ለማዕዘኑ ታካፍላለህ፤ የወጣውን እንደገና በሜትር ለተለካው የአፍ ስፋት ታካፍላለህ። የሚመጣው ሆርኑ ማዕዘኑን መያዝ የሚጀምርበት ሄርትዝ ነው። ለአንተ፦ 25,400 ለ60፣ ከዚያ ለ0.28፤ ወደ 1,500 ሄርትዝ ይመጣል። ዉፈርህም 60 ዲግሪ የሚይዘው እዚያው 1,500 ላይ ነበር። ሁለቱ በአንድ ስፋት ይቀባበላሉ፤ ዳር ያለው ሰው መሸጋገሪያው ላይ የሚጎድልበት ነገር አይኖርም። ለእኔ የጥሩ ሳጥን ምሥጢር ይህ ነው፤ ከማንኛውም ውድ ዕቃ አስበልጬ የማየው ይህንን ነው። ያ ገበያ ላይ የሞላው 15 ሴንቲ ሜትር አፍ ያለው ሆርን በዚሁ ሒሳብ ሲታይ 60 ዲግሪ መያዝ የሚጀምረው 2,800 አካባቢ ነው። ለአንተ አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ድራይቨሩን መምረጥ ቀላል ነው። ከ1,500 ሄርትዝ ጀምሮ ያለ ጭንቀት መሥራት አለበት። 44 ሚሊ ሜትር ኮይል ያላቸው ባለ 1 ኢንች ድራይቨሮች ብዙዎቹ ለ1,200 ወይም ለ1,600 የተሠሩ ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛው ክሮስኦቨር ስንት እንደሆነ ተጽፎ ታገኘዋለህ። 1,600 የሚል ከሆነ አንተም 1,600 ላይ ቁረጥ፤ በጆሮ የሚለይ አይደለም። ባለ 2 ኢንቹ መጥፎ ዕቃ አይደለም። እሱ የተሠራው ትልቅ ሆርን ላይ ሆኖ እስከ 800 ሄርትዝና ከዚያ በታች እንዲወርድ ነው። አንተ ዘንድ ያ ችሎታው ሥራ አይኖረውም። የ10,000 ሄርትዝ የሞገድ ርዝመት 34 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጉሮሮው 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ቀጭኑ ድምፅ ከሆርኑ ግድግዳ ጋር ሳይገናኝ ጠቦ መሐል ለመሐል ይወጣል። እንደገና ዳር ያለው ሰው ተጎዳ ማለት ነው። 1 ኢንቹ እስከ 13,000 ድረስ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ዋቱን እርሳው ያልኩህ ለምን መሰለህ? ዉፈርህ በ1 ዋት በ1 ሜትር ላይ 97 ዴሲቤል፣ ድራይቨሩ ሆርን ላይ ሆኖ 107 ይሰጣል እንበል። የ10 ዴሲቤል ልዩነት በዋት 10 እጥፍ ነው። ዉፈሩ 500 ዋት ሲገባበት ድራይቨሩ እኩል ለመጮኽ የሚበቃው 50 ነው። 600 ዋት የሚል ጽሑፍ የሚጠቅመው ለሻጩ ነው።

ይህን 10 ዴሲቤል ግን መቀነስ አለብህ፤ አለዚያ ቀጭኑ ድምፅ ጆሮ ይበሳል። ለ8 ኦም ድራይቨር 5.6 ኦም ሬዚስተር በመስመሩ ላይ፣ 3.9 ኦም ደግሞ ከድራይቨሩ ጎን ለጎን ታገናኛለህ። ክሮስኦቨሩ አሁንም 8 ኦም የሚጠጋ ነገር ነው የሚያየው። ከኃይሉ ወደ 90 በመቶ ሬዚስተሮቹ ላይ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ባለ 20 ዋት ሴራሚክ ተጠቀም፤ ከእንጨቱም አርቀህ ግጠማቸው። የዛሬዎቹ ማዕዘን ጠባቂ ሆርኖች ቀጭኑን ድምፅ በስፋት ስለሚበትኑት መሐል ላይ ከላይ የታፈነ ይመስላል። ለዚያ በ5.6 ኦሙ ላይ 5.6 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጎን ለጎን በይድ፤ 10,000 ላይ 5 ዴሲቤል ያህል ከፍ ያደርግልሃል።

አቅሙ ካለህ ግን ሬዚስተሩን ሁሉ ትተህ ኤሌክትሮኒክ ክሮስኦቨር ብትገዛ እመርጣለሁ። የአምልኮ አዳራሽ ስቴሪዮ አያስፈልገውም። ስለዚህ ባለ ሁለት ቻናል አምፕ ካለህ አንዱን ቻናል ለሁለቱ ዉፈር፣ ሌላውን ለሁለቱ ድራይቨር ስጥ። ሁለት ባለ 8 ኦም ጎን ለጎን ሲሆኑ 4 ኦም ነው፤ አምፑ 4 ኦም የሚችል መሆኑን እይ። አደጋው መብራት ሲሄድና ሲመጣ ነው። አምፑ የሚያሰማው «ዷ» የሚል ድምፅ በቀጥታ ዲያፍራሙ ላይ ያርፋል። በእያንዳንዱ ድራይቨር መስመር ላይ 40 ማይክሮ ፋራድ ባይፖላር (ፕላስና ማይነስ የማይለይ) ካፓሲተር አስገባ። ከ500 ሄርትዝ በታች ያለውን ይከላከልልሃል፤ 1,500 ላይ ያለውን ድምፅ ብዙም አይነካብህም። ይህን ካፓሲተር «ክሮስኦቨር አለኝ» ብለህ እንዳትዘለው።

ልትገዛ ስትሄድ መልቲሜትርና ስልክህን ያዝ። የስልክህን ባትሪ ወደ ድራይቨሩ ጉሮሮ አብራ። ከውስጥ ቀጫጭን ቀለበት ወይም ቀዳዳ ያለው ቁራጭ ማየት አለብህ፤ አየሩን እኩል አድርጎ የሚያስወጣው እሱ ነው። ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ዲያፍራሙ ፊት ለፊት ከታየህ ተወው። መልቲሜትሩ ለ8 ኦም ድራይቨር ከ5.5 እስከ 6.5 ማሳየት አለበት። ቀጥሎ በካፓሲተር አገናኝተህ በዝግታ ከ1,500 ወደ ላይ የሚወጣ ድምፅ ከስልክህ አሰማው። ጭርጭር የሚል ነገር ከሰማህ ኮይሉ ማግኔቱን እየነካ ነው። መለዋወጫ ዲያፍራሙ እዚያው ይሸጥ እንደሆነም ጠይቅ። መለዋወጫ የሌለው ድራይቨር፣ ስሙ ምንም ቢሆን፣ አንዴ ሲቃጠል ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው።

አገጣጠሙን ሳታይ ገንዘብ አትክፈል። ባለ 1 ኢንች ድራይቨር አንዳንዱ በጥርስ ይጠመዘዛል፤ ሌላው በቡሎን ይታሰራል። የቡሎኖቹ ርቀት ብዙ ጊዜ ለሁለት ቡሎን 76፣ ለሦስት ቡሎን 57 ሚሊ ሜትር ነው። ከገጠምከው በኋላ ጣትህን በሆርኑ በኩል ወደ ጉሮሮው አስገባና መገናኛውን ዳስስ። ደረጃ ከነካህ ቀጭኑ ድምፅ እዚያ ላይ ይመታል፤ በሞረድ አስተካክለው። ጋስኬቱ (መገናኛውን የሚደፍነው ቀለበት) ትንሽ ስለሆነ አትናቀው፤ አየር የሚያሾልክ መገናኛ ድምፁን ይቀንሰዋል።

ሆርኑን ከዉፈሩ በላይ፣ የቻልከውን ያህል አስጠግተህ ግጠመው። ከዚያ ከሳጥኑ 4 ሜትር ርቀህ በሆርኑና በዉፈሩ መካከል ባለው ከፍታ ላይ ቁም። 1,500 ሄርትዝ አሰማ፤ የድራይቨሩን ሁለት ሽቦ አገላብጠህ ሞክር፤ ድምፁ ከፍ ባለበት አኳኋን እሰረው። ሳጥኖቹን ስትሰቅል ሆርኑ ከቆመ ሰው ራስ በላይ ይሁን፤ አፉ ደግሞ ወደ ኋለኞቹ ረድፎች ያዘነበለ ይሁን።