ከጅማ በሐምሌ ምን ይዤ ልመለስ ላልሽው እህት

እህቴ፣ «ሐምሌ ላይ ከረቡዕ እስከ ቅዳሜ ለስልጠና ጅማ እመጣለሁ፣ የምመለሰው በአውቶቡስ ነው፤ ለቤት፣ ለእናቴና ወደ ጀርመን ለምትመለሰው አክስቴ ምን ልያዝ?» ብለሽ ጠይቀሽ ከስር ሰው ሁሉ «ቡና ነዋ!» ብሎሽ አለፈ። ቡና መሆኑንማ አንቺም ታውቂያለሽ። የትኛው ቡና፣ በምን ታስሮ፣ ከምን ጋር ተጭኖ የሚለውን ግን ማንም አልነካውም። ከጅማ የሚወጣ ስጦታ በብዛት የሚበላሸው ደግሞ እዚያ ላይ ነው፤ በተለይ በክረምት።

1. ሐሙስን አታሳልፊ። የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ ነው፣ የሂርማታ ገበያ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ቀን ይታወቃል። ስልጠናው እስኪያልቅ ልጠብቅ ብለሽ ቅዳሜ ሻንጣሽን ይዘሽ መናኸሪያ በር ላይ ከገዛሽ፣ የታሰረ ከረጢት ነው የሚሰጥሽ። ከላይ ያለው ቡና የተለቀመ ነው፣ ከታች ያለውን አዲስ አበባ ነው የምታይው። ሐሙስ ከስልጠናው አምልጠሽም ቢሆን በጠዋት ሂጂ። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ሦስት ቦታ ሳትጠይቂ ገንዘብ አታውጪ።

2. ቡናውን ጥሬውን ግዢ፣ ከመክፈልሽ በፊትም ነክሰሽ እዪው። ቀልድ አይደለም። በደንብ የደረቀ ፍሬ ጥርስ ሲያርፍበት ቀጭ ብሎ ይሰነጠቃል። የጥርስሽ ምልክት ታትሞበት ከቀረ እርጥብ ነው ማለት ነው። በጣሳ አድርገሽ ስትነቀንቂው ደረቁ ጥርት ብሎ ይንኮሻኮሻል፣ እርጥቡ ድምፁ ይደፈናል። ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነውና አንቺ በሐምሌ የምታገኚው ወራት መጋዘን የቆየ ነው። በጥር ደርቆ የገባ ቡና እንኳ የክረምቱን አየር ይስባል፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠማ ከታችም ይጠጣል። ገዢ ደግሞ በኪሎ ስለሚከፍል ውሃውንም በቡና ዋጋ ይገዛዋል። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ የሆነን ቡና በፌስታል ቋጥረሽ በሞቀ አውቶቡስ ውስጥ ስታሳድሪው ይልባል፣ ከዚያ ይሻግታል። የሻገተ ቡና ቢታጠብም ቢቆላም ሽታው አይለቀውም። እፍኝ ሙሉ ያዢና ተንፍሰሽበት አሽትቺው። የጓዳ፣ የእርጥብ ጆንያ ሽታ ካለው ዋጋው ቢቀነስልሽም ተይው።

ስለ ፍሬው ትልቅነትም አትጨነቂ። ሻጩ ትልልቁን እያሳየ ዋጋ ይጨምርብሻል። እዚሁ መልኮ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ከወጡት ዝርያዎች እንደ 74110 ያለው በተፈጥሮው ፍሬው ትንሽ ነው፣ ቡናው ግን የሚያኮራ ነው። የምትፈሪው ጥቁሩን፣ በነቀዝ የተበሳውንና የተሰባበረውን ነው። ለውጭ ገበያ ሲበጠር ተለይቶ የቀረው ወደ አገር ውስጥ ገበያ ስለሚመጣ እነዚህ መኖራቸው አይቀርም፣ ጥያቄው ብዛታቸው ነው። አንድ እፍኝ ሰፌድ ላይ አፍስሺና ቁጠሪ። ጥቁሩና የተበሳው በዝቶ ዓይንሽን ከያዘው ሌላ ጋ ሂጂ፣ ለቅመሽ የምትጥይው ሁሉ የከፈልሽበት ኪሎ ነው።

3. ሦስተኛው ለማር ነበር፣ ግን ቡናው አላለቀም። ጅማ ላይ ሁለት ዓይነት ቡና አለ፤ ሰው ሁለቱንም «የጅማ ቡና» ብሎ ይጠራዋል። በጀንፈሉ ደርቆ የተፈለፈለው ያልታጠበ ቡና ነው። ቢጫ ቡናማ ይላል፣ ሽፋኑም ፍሬው ላይ ቀርቶ ታይዋለሽ። ሲጠጣ ወፍራም ነው። ለእናትሽ ይኼን ያዢ፣ በጀበና እስከ በረካ የሚዘልቅ እሱ ነው። ሁለተኛው የታጠበው ነው፣ በንግዱ ሊሙ የሚባለው። አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ንጹሕ ነው፣ ጣዕሙም ቀለል ብሎ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል። በማሽን ለምታፈላው ለአክስትሽ እሱ ይሻላታል። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚሸጥልሽን አትቀበዪ። አቆላላቸው አንድ አይደለም፣ ምጣድ ላይ አንዱ ሲደርስ አንዱ ገና ነው።

ለአክስትሽ ተቆልቶ ቢሄድ ይሻላል፤ የጀርመን አፓርታማ ውስጥ ቡና ቆልታ የጭስ ማስጠንቀቂያውን ብታስጮህ ጎረቤት ሁሉ ደረጃ ላይ ይወጣል። ስሌቱን ግን አስቀድመሽ ያዢ። ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። ለእሷ 1 ኪሎ የተቆላ ቡና እንዲደርሳት እስከ 1.25 ኪሎ የተለቀመ ጥሬ ያስፈልግሻል። ቆይታሽ ውስጥ ሐሙስ ገዝተሽ፣ ዓርብ አስቆልተሽ፣ ቅዳሜ ማሸግ ይቻላል። ቆላዩን ሴት «አታጥቁሪው» በያት። መጀመሪያ ጧ ጧ ብሎ ይፈነዳል፣ ከዚያ ጸጥ ይላል። ሁለተኛው ረቂቅ ፍንዳታ ሳይጀምር ከምጣዱ ይውረድ። ወዝቶ ዘይት ያወጣ ቡና ለዚያው ቀን ይጣፍጣል፣ ለመንገድ ግን አይሆንም፤ ውጪ የወጣው ዘይት አየር ሲያገኘው ቶሎ ይበላሻል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር። ትኩሱን ቡና ፌስታል ውስጥ ከትቶ «ሽታው እንዳይወጣ» ብሎ ጥርቅም አድርጎ ያስራል። ትኩስ የተቆላ ቡና ሁለት ነገር ያወጣል፣ እንፋሎትና ጋዝ። እንፋሎቱ ቡናውን መልሶ ያርሰዋል፣ ጋዙ ከረጢቱን እንደ ፊኛ ነፍቶ ስፌቱን ይቀደዋል። ሰፌድ ላይ ተዘርግቶ እጅ እስኪያስችል ሳይሆን ፍጹም እስኪቀዘቅዝ ይቆይ። ከዚያ አፉ ብቻ በተጠቀለለ የወረቀት ከረጢት አንድ ሌሊት አሳድሪውና በማግስቱ እሸጊው። የአየር መውጫ ያለው ማሸጊያ ካገኘሽ ጥሩ፣ ካላገኘሽ በወፍራም ፕላስቲክ አድርገሽ ከላይ በኩል በመርፌ አንዴ ብሺው። አይፈጭ! የተፈጨ ቡና በቀናት ውስጥ ሽታውን ይጨርሳል፤ ፍሬው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በደህና ይቆያል። ጥሬው ደግሞ በደረቅ ቦታ ወራት ይከርማል፣ ለዚህ ነው ለቤት ጥሬውን ያልኩሽ።

ጥሬውን በአዲስ የጨርቅ ከረጢት ወይም በንጹሕ ጆንያ ያዢ። «በነጻ» የሚሰጥሽን አሮጌ ማዳበሪያ ግን አትንኪው። ምን እንደተሸከመ አታውቂም፣ ቡና ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል፤ ናፍጣ፣ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ሁሉንም። ቤት ስትደርሺ ያኑ ቀን ከረጢቱን ፈትተሽ ዘርጊው። ብዛቱም በልክ ይሁን። ለቤት የሚሆን ጥቂት ኪሎ ማንም አያስቸግርሽም፤ ቡና በብዛት ያለ ሰነድ ማጓጓዝ ግን ክልክል ነው። ስለዚህ «እግረ መንገድሽን የእኔንም አድርሺልኝ» ብሎ አንድ ፈረሱላ፣ 17 ኪሎ ማለት ነው፣ የሚያሸክምሽ ወዳጅ ቢመጣ ይቅርታ ጠይቂ። ኬላ ላይ የሚወርደው ያንቺ እንጂ የእሱ ሻንጣ አይደለም።

ማር። እዚህ ላይ ዕድለኛ ነሽ። ከጅማና ከከፋ ጫካ የሚመጣው ነጭ ማር፣ የጌተም አበባ ማር፣ ከክረምቱ መግቢያ በፊት ነው የሚቆረጠው። በሐምሌ ገበያ ላይ ትኩሱ አለ። ይህ ማር ቶሎ ይረጋል፣ ነጭ ሆኖ እንደ ቅቤ ይቀመጣል። የአዲስ አበባ ሰው የረጋ ማር ሲያይ «ስኳር ነው» ብሎ ይሸሻል፣ ቀልጦ የሚንጠባጠበውን ይመርጣል፣ ከዚያም መንገድ ላይ ያፈሰዋል። መርጋት የማር ጠባዩ ነው። ለመንገደኛ ደግሞ የረጋ ማር በረከት ነው፣ አይፈስም። በሐምሌ ነጩ ማር ውሃ መስሎ ከተሸጠልሽ «አሙቃችሁታል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ከላይ አረፋ የያዘውን፣ ሲከፈት ጠጅ ጠጅ የሚለውን አትግዢ፣ ውሃው በዝቶ መፍላት ጀምሯል። ክብሪት ነክሮ መለኮስ፣ ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግ የሚባሉት ፈተናዎች ስኳር የተቀላቀለበትን አይለዩም፣ ለትርኢት ነው። ኪሎውን ግን ራስሽ መቆጣጠር ትችያለሽ፤ ማር ከውሃ ይከብዳል፣ አንድ ሊትር ማር ወደ 1.4 ኪሎ ይመዝናል። ባለ አንድ ሊትር ሃይላንድ አፉ ድረስ ሞልተው «ሁለት ኪሎ ነው» ካሉሽ ወይ ሚዛኑ ወይ ሰውየው ልክ አይደለም። እናትሽ ጠጅ የምትጥል ከሆነ ሰፈፉ ያልወጣለትን ድፍድፍ ያዢላት፣ ርካሽም ነው።

ዕቃው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚቃጠለው። ማር በጄሪካን ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ይወጣል። ከጅማ ስትነሺ ከ1,700 ሜትር በላይ ነሽ፣ ወደ ግቤ በረሃ ትወርጃለሽ፣ እዚያ ሙቀቱ ማሩን ያቀጥነዋል። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ትወጫለሽ፣ ውጪ ያለው አየር ይሳሳል፣ ጄሪካኑ ውስጥ የታሰረው አየር ይነፋና ክዳኑን ይገፋል። የቀጠነ ማርና የሚገፋ አየር ሲገናኙ ከስር የተጫነው የሰው ልብስና ቡና ይጠመቃል። መፍትሔው፦ አፈ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ሁለት ጣት ያህል ጎደሎ፣ ክዳኑ ስር ስስ ፕላስቲክ ተወጥሮ፣ ሁሉም ነገር ባልዲ ውስጥ ቁሞ፣ ባልዲው እግርሽ ስር። «ላይ ይሂድ፣ ኃላፊነቱ የእኛ ነው» የሚልሽን ረዳት በፈገግታ እለፊው፤ ሲፈስ ያ ኃላፊነት የሚባለው ነገር የት እንደሚገባ አይታወቅም። ዕቃ በጭነት የሚቀበል መስኮት ላይም ያው ነው። ሳይመዝኑ ይወስዱና ስልክ ቁጥርሽን ጆንያው ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ፣ ዝናብ ሲነካው ይጠፋል። መላክ ግድ ከሆነብሽ ስምና ስልክ በወረቀት ጽፈሽ በፕላስቲክ ጠቅልለሽ ከውስጥም ከውጭም አድርጊ፣ ደረሰኝ ሳይቆርጡልሽ ከመስኮቱ አትነሺ፣ ፊታቸውን ቢያጠቁሩም።

ለአክስትሽ፦ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች መንገደኛ ለራሱ ፍጆታ ማር እስከ 2 ኪሎ ይዞ መግባት ይችላል። ከዚያ በላይ አትስጫት። ማሩ በእጅ ሻንጣ አይሁን፣ ፍተሻ ላይ እንደ ፈሳሽ ይቆጠራል፣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ይወሰዳል። ቅቤ፣ አይብ፣ ቋንጣ ጨርሶ አይገባም። የወተትና የሥጋ ውጤት ነው፣ «ትንሽ ነው» የሚል ምክንያት የለውም። በመንገድ የምታይው አቮካዶም ያለ ዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት አይገባላትም፣ እሱን ለቤት ያዢው፤ ጠንካራውን መርጠሽ በጋዜጣ ጠቅልዪው።

ኮረሪማ በሙሉ ፍሬው ግዢ፣ ስትነቀንቂው ውስጡ የሚንኳኳውን። አንዱን ሰንጥቀሽ አሽትቺ፣ ሽታው አፍንጫሽን ካልመታው ሰንብቷል። ለአንድ ቤት ሃያ ፍሬ ይበቃል። ጥምዝም አለ፣ እንደ ቁንዶ በርበሬ ያለ ቅመም ነው፣ ጭስ ጭስ የሚለው። ሁለቱንም ክዳን ባለው ዕቃ እንጂ ከቡናው ጋር እንዳትከቺ፣ በርበሬ በርበሬ የሚል ቡና ትጠጫለሽ።

በርጩማው። ለቤት አንድ ያዢ፣ ለአክስትሽ ግን ተዪው፣ የጀርመን ክረምት ማሞቂያ ይሰነጥቀዋል። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚጠረበው፣ አልተገጠመም። ብዙ ሰው መሬት ላይ አስቀምጦ ይነቀንቅና «አይወዛወዝም፣ ጥሩ ነው» ብሎ ይከፍላል። ሦስት እግር ያለው ነገር መቼም አይወዛወዝም፣ መሬቱ ጎርበጥባጣ ቢሆንም። ገልብጠሽ እዪው። እግሮቹ ከመቀመጫው ጋር የሚገናኙበት ቦታ ላይ የጫማ ቀለም ወፍሮ ከተቀባ በጥፍርሽ ፋቂው፣ ስር ስንጥቅ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። መቀመጫው መሐል ላይ የእንጨቱ እምብርት፣ ክብ ክቡ መስመር የሚጀምርበት ነጥብ ካለ፣ ሲደርቅ ከዚያ ተነስቶ ወደ ጠርዝ ይተረተራል። እምብርቱ ከመቀመጫው ውጭ የወደቀውን ምረጪ። ከዚያ ጉንጭሽ ላይ አስጠጊው። ቀዝቃዛና ለመጠኑ ከባድ ከሆነ ገና እርጥብ ነው፣ በክረምት ደግሞ አብዛኛው እንደዚያ ነው። ጉድጓድና እንደ ዱቄት የረገፈ ብናኝ ካየሽ ውስጡ የሚበላ ትል አለ። ጊዜ ካለሽ አስቀድመሽ የጅማ ሙዚየምን ጎብኚ፣ እዚያ የአባ ጅፋር ዕቃዎች አሉ፤ እነዚያን ያየ ዓይን ገበያ ላይ በቀላሉ አይታለልም።

እርጥቡን ከወደድሽው ግን ግዢው፣ መዳኛ አለው። ቤት ስትደርሺ ፀሐይና ምድጃ አጠገብ አታስቀምጪው። ለአንድ ወር ጥላ ውስጥ፣ ሶፋ ጀርባ ይቆይ። በተለይ የእግሮቹን ታችና የመቀመጫውን ጠርዝ በየሳምንቱ ዘይት አባሺው፤ እንጨቱ ውሃውን ቶሎ የሚጥለው በተቆረጠው በኩል ስለሆነ ስንጥቁም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ወሩ ሳይሞላ እንግዳ አታስቀምጪበት፣ በተለይ ወፍራም አጎት ካለሽ።